ከዝንጀሮ ወይስ ከዝንጀሮ ጋር?

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የምትለው ዓረፍተ ነገር በትምህርት ቤት ግቢም፣ በቡና ላይ ወግም፣ በስብከት መካከልም ትሰማለች። የሚያምንባትም የሚቃወማትም እኩል ይጠቀምባታል፤ ክርክሩ ሲጋጋል ግን ዓረፍተ ነገሯ ራሷ ምን እንደምትል ቆም ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ሦስት ቃላት ናት፤ ሦስቱም ያጠያይቃሉ። «ዝንጀሮ» በአማርኛ ጅራት ያለው፣ በገደል አፋፍ በመንጋ የሚውል፣ ከገበሬ ማሳ የማይጠፋ እንስሳ ስም ነው። ሊቃውንት የሰው የቅርብ ዘመዶች የሚሏቸው ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን ግን ጅራት የላቸውም፤ በኢትዮጵያ ጫካም አይኖሩም። አማርኛ ለጦጣ፣ ለጉሬዛ፣ ለጭላዳና ለዝንጀሮ ለየብቻ ስም ሲያወጣ እነዚህን አራቱን በራሱ ቃል ያልሰየማቸው ስላላያቸው ነው። «መጣ» የሚለው ግስ ደግሞ አንዱ ባለበት ቆሞ የቀረ፣ ሌላው ከእሱ ተነስቶ የሄደ ያስመስላል። «ሰው» የሚለው ለጊዜው ይቆይ። ከሁሉ የሚከብደው በዝንጀሮ ራስ ላይ የተቀመጠችው አንዲት ፊደል፣ «ከ» ናት።

ይህች «ከ» ልጅን ከአባት የምታስወልድ «ከ» ናት። ዛሬ በኮንጎ ጫካ ፍሬ የሚለቅመው ቺምፓንዚ ግን የማንም ሰው አያት አይደለም። እሱም እንደ ሰው የዛሬ ፍጥረት ነው፤ ከጋራው አያት እስከ ዛሬ ድረስ ሰው የተጓዘውን ያህል ዘመን እሱም ተጉዟል። የአንድ አያት ሁለት የልጅ ልጆች አንዱ ከሌላው መጣ አይባሉም፤ አብረው ከአንድ ቤት ወጡ ነው የሚባሉት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯን ለማቃናት ዝንጀሮን በቺምፓንዚ ከተኩ በኋላ አንድ ቃል መጨመር ይበቃል፤ ሰው ከቺምፓንዚ ሳይሆን ከቺምፓንዚ ጋር መጣ። ቃሏ ትንሽ ብትሆንም ጥያቄውን ከሥሩ ትለውጠዋለች። «አባትህ ማን ነው?» የነበረው «ዘመድህ ማን ነው? ምን ያህልስ ይቀርብሃል?» ወደሚል ይዞራል።

ዘመድ መቁጠር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ዝምድና ለጋብቻ እንደ ባዕድነት ይታያል። ሰውና ቺምፓንዚ ግን የሚገናኙት ከሰባተኛው ቤት እጅግ ርቆ ነው። የተለያዩት ከ6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው ቢባልና አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢታሰብለት፣ ቆጠራው ወደ 240 ሺህ ቤት ይደርሳል። ያን ያህል ከተቆጠረ ደግሞ መቆሚያው የት ነው? ወደ ኋላ አብዝቶ ለሄደ ውሻም፣ ዓሣም፣ እንጀራውን የሚያቦካው እርሾም ዘመድ ነው። ሁሉም ዘመድ ከሆነ ዝምድና ትርጉም የሚኖረው በርቀቱ ብቻ ነው፤ ርቀቱን ደግሞ አንድ ነገር መለካት አለበት። ያ መለኪያ ዘመን ነው? ወይስ የዲኤንኤ ፊደል ልዩነት? ወይስ እያንዳንዱ ቁራሽ ውርስ የመጣበት መንገድ? ሦስቱ መለኪያዎች ሁልጊዜ አለመስማማታቸው ነው የዚህን ጥያቄ መልስ የሚያርቀው።

በዘመን ይለካ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው አጥንት ነበር። እስከ 1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ሊቃውንት በሂማላያ ግርጌ ባሉት ሲዋሊክ ኮረብታዎች የተገኘውን ራማፒተከስ የተባለ ፍጡር መንጋጋ እያዩ የሰው መስመር ከ14 ሚሊዮን ዓመት በፊት ለብቻው እንደወጣ ያምኑ ነበር። በ1967 ግን በአሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቪንሰንት ሳሪችና አለን ዊልሰን መንጋጋውን ትተው ደሙን ጠየቁ። በደም ውስጥ ያለውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ከሰው፣ ከቺምፓንዚ፣ ከጎሪላና ከሌሎችም እንስሳት ወስደው ምን ያህል እንደሚለያይ ለኩ። ልዩነቱ በዘመናት ውስጥ በተመጠነ ፍጥነት የሚጠራቀም ከሆነ ፕሮቲኑ ራሱ ሰዓት ነው። ሰዓቱ የነገራቸው ሰውና አፍሪካውያኑ ጅራት አልባ ዘመዶቹ ከተለያዩ ወደ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ነው። አጥንት አንባቢዎቹ አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። በኋላ የራማፒተከስ የቅርብ ወገን የሆነ የተሟላ ፊት በፓኪስታን ሲገኝ መልኩ ወደ ኦራንጉታን ያደላ ሆነ፤ ራማፒተከስም ከሰው የዘር ሐረግ ወረደ።

ድሉ የደም ይመስላል። ነገር ግን ሰዓት መሙያ ይፈልጋል። ሳሪችና ዊልሰን ሰዓታቸውን የሞሉት ጅራታም ጦጦችና ጅራት አልባዎቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተለያዩ በሚል ግምት ነበር፤ ያ ግምት ደግሞ የመጣው ከቅሪተ አካል ነው። ደም አጥንትን ለማረም አስቀድሞ ከአጥንት መበደር ነበረበት ማለት ነው። ከ2010 ወዲህ ተመራማሪዎች ዕዳውን ለመክፈል ሞከሩ፤ የእናትን፣ የአባትንና የልጅን ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤ ፊደላቸውን ሁሉ፣ አነጻጽረው በአንድ ትውልድ ስንት አዲስ ለውጥ እንደሚወለድ በቀጥታ ቆጠሩ። ፍጥነቱ ቀድሞ ከታሰበው በግማሽ ያህል ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ፤ መለያየቱም ወደ ኋላ ተገፋ። ሰዓቱ የሚናገረው እውነት ቢሆንም የሚናገረው በሞላው ሰው እምነት ልክ ነው።

በፊደል ይለካ ከተባለስ? በ2005 የቺምፓንዚ ጂኖም ረቂቅ ታተመ። ዲኤንኤውን የሰጠው አትላንታ በሚገኝ የምርምር ማዕከል ይኖር የነበረ ክሊንት የተባለ ወንድ ቺምፓንዚ ነው፤ ሥራው ሳይታተም በ2004 በ24 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። ከሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ 35 ሚሊዮን ፊደላት ተለውጠው ተገኙ፤ ከተነጻጸረው ውስጥ 1.2 በመቶ ገደማ ማለት ነው። «ሰውና ቺምፓንዚ 98.8 በመቶ አንድ ናቸው» የሚለው ዝነኛ ቁጥር የቆመው በዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ጎን ለጎን ሊደረደር ስለቻለው ክፍል ብቻ ነው። በአንዱ ውስጥ ገብተው በሌላው የሌሉ፣ ወይም ከአንዱ የወጡ ቁርጥራጮችም አሉ፤ 5 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ በፊደል ሲቆጠሩ ወደ 3 በመቶ ይደርሳሉ፤ ከ1.2ቱ ይበልጣሉ። በ2025 ደግሞ የስድስት ጅራት አልባ ዝርያዎች ጂኖም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ክፍተት ሊባል በሚችል መልኩ ሲነበብ፣ እንደ ዝርያዎቹ ርቀት ከ12.5 እስከ 27.3 በመቶ የሚሆነው ክፍል አንድ ለአንድ መግጠም እንዳልቻለ ታየ። 1.2ም፣ 3ም፣ ከ12 በላይም እውነት ናቸው። የሚለያዩት «ልዩነት» ሲባል ምን ይቆጠር በሚለው ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ዲኤንኤው አይወስንም፤ ቆጣሪው ነው የሚወስነው።

ቁጥሩ ቢረጋ እንኳ ሌላ ጥርጣሬ ይከተላል። ፊደላቱ ይህን ያህል ከተመሳሰሉ ባለቤቶቹ እንዴት ይህን ያህል ተለያዩ? ሜሪ ክሌር ኪንግና ያው አለን ዊልሰን በ1975 ይህን ጥያቄ ይዘው ተነሱ። የሰውና የቺምፓንዚ ፕሮቲኖች ከ99 በመቶ በላይ አንድ መሆናቸውን ካሳዩ በኋላ፣ ልዩነቱ መፈለግ ያለበት ጂኑ በሚሠራው ፕሮቲን ሳይሆን ጂኑ መቼ፣ የትና ምን ያህል እንደሚነበብ በሚወስነው ክፍል ነው አሉ። አማርኛ አንባቢ ይህን በየቀኑ ይኖርበታል። «አለ» የሚለው ቃል «ለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ኖረ ወይም ተገኘ ማለት ነው፤ «ዋና»ም «ና» ሲላላ በወንዝ፣ ሲጠብቅ በወንበር ነው የሚታሰበው። ፊደሉ ያው ነው፤ ትርጉሙን የሚለየው አነባበቡ ነው። ምሳሌው የማይሄድበት አንድ ቦታ አለ፤ በዲኤንኤ ውስጥ ማጥበቂያና ማላሊያው ራሱ በፊደል ተጽፏል። የተጻፈው ግን ፕሮቲን በማይሠራውና ለረጅም ጊዜ ትርፍ ሲባል በኖረው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ብቻቸውን የማይፈቱት ክርክር ይመጣል። ሰውና ቺምፓንዚ በአንድ ቦታ ቢለያዩ የተለወጠው ማን ነው? ሁለቱን ብቻ አፋጥጦ ማወቅ አይቻልም፤ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ጎሪላ ከቺምፓንዚ ጋር ከተስማማ የተለወጠው ሰው ነው፤ ከሰው ጋር ከተስማማ የተለወጠው ቺምፓንዚ ነው። ሩቅ ያለ ምስክርም ይጠራል። በ2006 ካትሪን ፖላርድና ባልደረቦቿ 118 ፊደላት ብቻ ያላት አንዲት ቁራሽ አገኙ። በዶሮና በቺምፓንዚ መካከል፣ 300 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ርቀት፣ የተለወጡባት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። በቺምፓንዚና በሰው መካከል ግን 18 ፊደላት ተለውጠዋል። እንደ ዶሮ ያለ ምስክር ባይቆም ኖሮ ከአሥራ ስምንቱ የትኛው የማን ለውጥ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ይህች ቁራሽ በፅንስ ጊዜ የአንጎል ውጫዊ ክፍል በሚታነጽበት ወቅት ትሠራለች። ሰው ስለ ራሱ አንጎል አንድ ነገር ያወቀው ከራሱ ብቻ አይደለም፤ ሳይለወጡ ከቆዩት ምስክርነት ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ሁለቱንም የሚያናውጥ ነው። በ2012 የጎሪላ ጂኖም ሲታተም፣ በአጠቃላይ ሲታይ ለሰው የሚቀርበው ቺምፓንዚ መሆኑ ጸና። በቁራሽ በቁራሽ ሲታይ ግን ከጂኖሙ 30 በመቶ በሚሆነው ውስጥ ጎሪላ ወይ ለሰው ወይ ለቺምፓንዚ፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ከሚቀራረቡት በላይ ይቀርብ ነበር። ከዚህ 30 በመቶ በግማሹ ያህል የሰው የቅርብ ዘመድ ቺምፓንዚ ሳይሆን ጎሪላ ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት የታተመው የቦኖቦ ጂኖምም ሰው በአንዳንድ ቁራሽ ለቦኖቦ፣ በሌላው ለቺምፓንዚ፣ ሁለቱ ለእርስ በርሳቸው ካላቸው ቅርበት የበለጠ እንደሚቀርብ አሳየ። እንዲህ የሆነው የጋራዎቹ አያቶች አንድ ጥንድ ሳይሆኑ ብዙ ሆነው ስለኖሩ ነው። በመካከላቸው የተለያየ ፊደል ነበረ፤ መለያየቶቹ በዘመን ሲቀራረቡ የትኛው ፊደል ለየትኛው ወገን እንደሚቀር ዕጣ ወሰነው።

የቀድሞዎቹ የጎጃምና የጎንደር ርስት ተካፋዮች ይህን ለመረዳት ባልተቸገሩ ነበር። አንድ ገበሬ አምስት ማሳ ቢኖረው አምስቱም በአንድ አያት በኩል ላይደርሱት ይችሉ ነበር፤ አንዱ በአባቱ እናት፣ ሌላው በእናቱ አባት በኩል፣ እያንዳንዱም ከተለያየ አቅኚ አባት ይወርድ ነበር። ጎረቤቱ በአንዱ ማሳ ላይ አብሮት የሚወርስ ዘመድ፣ በሌላው ማሳ ላይ ግን ባዕድ ነበር። «ይህ ሰው ዘመድህ ነው?» ቢባል ትክክለኛው መልስ «በየትኛው መሬት?» የሚል ይሆናል። ጂኖምም እንዲሁ የየቁራሹ ርስት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራሽ የራሱን የዘር ሐረግ ይዞ ይሄዳል። በደም ዓይነት ላይ ደግሞ ነገሩ ጫፍ ይደርሳል። በዚያው በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው፣ ኤና ቢ የሚባሉትን የደም ዓይነቶች የሚለየው ልዩነት ሰውና ጊቦን የተባለው ሩቅ ጅራት አልባ ዘመዱ ሳይለያዩ፣ ቢያንስ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ነው። ከአንድ እናት ማኅፀን የወጡ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ኤ፣ ሌላው ቢ ቢሆኑ፣ በዚያች ጠባብ ቦታ የሚለያቸው ዘመን ሰውን ከጊቦን ከሚለየው ዘመን ይረዝማል። ወንድማማችነታቸው ግን አልጎደለም። እንግዲያው ዝምድና በአንድ ቦታ የሚነበብ ነገር አይደለም፤ የብዙ ቦታዎች ድምር ነው፤ ድምሩን ደግሞ ማንኛውም ቁራሽ ብቻውን ሊያስተባብለው አይችልም።

ለጊዜው ይቆይ የተባለው «ሰው» የሚለው ቃል አሁን ይመለስ። ሰውን ሰው ያደረገው ቁራሽ የቱ ነው? ተስፋ የተጣለበት አንዱ ጂን ፎክስፒ2 ነበር። በለንደን የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከሦስት ትውልድ አባላቱ ግማሽ ያህሉ መናገር ይቸግራቸው ነበር፤ በ2001 ምክንያቱ የዚህ ጂን ጉድለት መሆኑ ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት የሰው ፎክስፒ2 ከቺምፓንዚው በሁለት ቦታ እንደሚለይ ተገለጠ፤ የቋንቋ ጂን ተገኘ ተባለ። ቆየት ብሎ በ2007 ከሰው ወገን የጠፉት ኒያንደርታሎችም ያንኑ እንደነበራቸው ታየ፤ በ2018 ደግሞ ብዙ ሕዝቦችን ያካተተ ጥናት በቅርብ ዘመን ተመርጦ ተስፋፋ የተባለበትን ምልክት አጣው። ጂኑ ለንግግር ያስፈልጋል፤ ሰውን ከሌላው የሚለይ ድንበር ግን መሆን አልቻለም።

ሰውን የሚለየውን ፍለጋ ካገኛቸው ነገሮች ብዙዎቹ ያልተጠበቀ መልክ አላቸው፤ የተጨመሩ ሳይሆኑ የጎደሉ ናቸው። በ2011 የታተመ ጥናት በቺምፓንዚና በሌሎች እንስሳት ሳይለወጡ የቆዩ፣ ከሰው ላይ ግን የጠፉ 510 ቁርጥራጮችን ቆጠረ። ቺምፓንዚ 48 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት ሰው 46 አለው፤ ሁለት የጥንት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የሰው ሁለተኛ ክሮሞዞም ሆነዋል፤ በ1991 መሐሉ ላይ የድሮዎቹ ጫፎች ምልክት እንደ ጠባሳ ተቀምጦ ተገኝቷል። ጅራትም እንዲሁ ነው። በ2024 እንደታተመው፣ ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንዲት ተዘዋዋሪ ቁራሽ በአንድ ጂን ውስጥ ገብታ የጂኑን አነባበብ አዛባች፤ ለጅራት መጥፋትም ምክንያት እንደሆነች ይታሰባል። ይህን ጉድለት ሰው ብቻውን አይሸከመውም፤ ከቺምፓንዚ፣ ከጎሪላ፣ ከኦራንጉታንና ከጊቦን ጋር ይካፈለዋል። ሰው ጅራት ያለውን ዝንጀሮ አያቴ አይደለም ብሎ ሲክድ፣ የሚክደው ይህን ምልክት የማይካፈለውን እንስሳ ነው። የሚካፈሉት ደግሞ በቋንቋው ስም ያላገኙት ናቸው።

እንግዲህ ያ የጋራ አያት ምን ይመስል ነበር? በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ምስክርነት አለ፤ አንዱ ያለው ሌላው የለውም። የሰው መስመር አጥንቱን ትቷል፤ ዲኤንኤው ግን በሐሩር አገር ሙቀት ሚሊዮን ዓመት አይቆይም፤ ከሰው ወገን እስከ ዛሬ የተነበበው ጥንታዊው ዲኤንኤ በስፔን ዋሻ የተገኘው የ430 ሺህ ዓመቱ ነው። ቺምፓንዚዎች ደግሞ ሕያው ዲኤንኤ አላቸው፤ አጥንታቸው ግን በእርጥብ ጫካ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ የመጀመሪያዎቹ የቺምፓንዚ ቅሪተ አካላት ሆነው በ2005 ከኬንያ የታተሙት ከ500 ሺህ ዓመት ብዙ የማይርቁ ጥቂት ጥርሶች ናቸው። አንዱ ወገን አጥንት ያለ ፊደል፣ ሌላው ፊደል ያለ አጥንት ይዞ ቀርቷል፤ የአያትየው መልክ ሁለቱ በሚገናኙበት መካከል ጠፍቷል።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ነገር የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በ1994 ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ ላይ የመጀመሪያውን የእጅ አጥንት ቁራጭ ያነሳላት አርዲ፣ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ እንስት፣ በ2009 ሙሉ ጥናቷ ሲወጣ አጥኚዎቿን አንድ ድምዳሜ ላይ አደረሰቻቸው፤ እጇ እንደ ቺምፓንዚ በጣት መገጣጠሚያ ተደግፎ የመሄድ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ የጋራው አያት ቺምፓንዚ መሰል አልነበረም። ሌሎች ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሯቸዋል። እነሱ ትክክል ከሆኑ ግን ቺምፓንዚም እንደ ሰው ሁሉ ከአያቱ ርቆ ተለውጧል። በ2007 ደግሞ ገን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ባልደረቦቻቸው ከጮሮራ የተገኙ ዘጠኝ ጥርሶችን አሳተሙ፤ ጥርሶቹ ወደ ጎሪላ ያደላሉ፤ ፍጡሩም ጮሮራፒተከስ አቢሲኒከስ ተባለ፤ የጥርሶቹ ዕድሜ በ2016 እንደገና ሲለካ 8 ሚሊዮን ዓመት ሆነ። ለጎሪላ በቋንቋዋ ስም የሌላት አገር የጎሪላን ወገን ሊሆን የሚችለውን ጥንታዊ ጥርስ በምድሯ ይዛ ኖራለች።

ጥያቄው ግን በአጥንት አይዘጋም፤ የጠፋውን አያት መልክ በፊደል ሊመሰክሩ የሚችሉት በሕይወት ያሉት ብቻ ናቸው። ቁጥራቸውና የያዙት ምስክርነት ደግሞ አይመጣጠንም። ከ8 ቢሊዮን በላይ የሆነው ሰው፣ አያቶቹ በአንድ ዘመን ጥቂት ሆነው ስላለፉ፣ በዘረ መል እርስ በርሱ እጅግ ተመሳሳይ ነው፤ ጥቂት መቶ ሺህ የሚሆኑት ቺምፓንዚዎች ከሰው ልጅ ሁሉ የበለጠ የፊደል ልዩነት በመካከላቸው ይዘዋል። እያንዳንዱ የሚሞት ቡድን ከጋራው አያት የተረፈና በሰው ውስጥ የማይገኝ ቃል ይዞ ሊሄድ ይችላል። ዛሬ ቺምፓንዚና ቦኖቦ በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ሁለቱም የጎሪላ ዝርያዎችና ሦስቱም የኦራንጉታን ዝርያዎች ደግሞ በእጅግ አስጊ ደረጃ ላይ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ፣ በሰሜን ሱማትራ ባታንግ ቶሩ ጫካ የሚኖረው የታፓኑሊ ኦራንጉታን፣ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በራስ ቅሉና በጂኖሙ የታወቀው በ2017 ነው፤ በዚያን ጊዜ የቀሩት ከ800 ያነሱ ነበሩ።